ከሦስተኛው ዙር በኋላ

(ቦስተን አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልተገኙ ሰዎች ስለጠየቁኝ በጽሑፍ አሰናዳሁት። አነጋገሬን ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ እንግሊዝ ካንትሪ ዳንስ ነው። ካንትሪ ሲባል የካውቦይ ባርኔጣና ጊታር እንዳይመጣባችሁ፣ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሳታውቁ አይታችሁታል። በጄን ኦስተን ልብ ወለዶች ላይ በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ሰዎች በሁለት ረጅም ሰልፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጅ እየተያያዙ ሲዞሩና ቦታ ሲቀያየሩ የምታዩት እሱ ነው። ፊልሙ ላይ የድሮ ሰዎች ነገር ይመስላል። እዚህ ግን በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ጂንስና ቲሸርት የለበሱ ሰዎች ይደንሱታል። ነርስ አለ፣ ሶፍትዌር የሚሠራ አለ፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ አለች። እኔ ቫዮሊን እጫወትላቸዋለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ።

ስለ ዳንሰኞቹ ብዙ ይባላል። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ከመድረኩ ጠርዝ ስለሚቆሙት ነው። ስለ ሙዚቀኛውና ስለ አስተማሪው።

አንድ ምሽት እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። አስተማሪው ማይክ ይዞ ይቆማል። እንግሊዝ አገር «ኮለር» ይሉታል፣ የሚጠራ ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ በዚህ ዳንስ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተማሪ ነው የሚባለው፣ እኔም ይህን ስም እወደዋለሁ። መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ያስኬዳቸዋል። «አንደኞቹ ጥንዶች፣ በመሀል ወደ ታች ውረዱ። ተመለሱ። ከሁለተኞቹ ጋር እጅ ተያያዙና ክብ ሥሩ።» አንድ ሁለት ጊዜ ይሞከራል። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንጀምራለን። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሰዓቱ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጠራል። በሁለተኛው ዙር ግማሹን ብቻ። በሦስተኛው አንድ ወይ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል። ከዚያ ማይኩን ዝቅ አድርጎ ዝም ይላል።

እኔ የምጠብቃት ያቺን ደቂቃ ነው። አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ማንም አያዝም። የተሳሳተ ካለ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው በዓይኑ ይመልሰዋል። ታዲያ ማን ነው የሚመራቸው? ዜማው ነው። አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ሲደመር 32 ባር፣ ማለትም 32 የምት ክፍል፣ ይመጣል። የዳንሱ እንቅስቃሴም በዚሁ ልክ የተቆረጠ ነው። ዜማው ሲከፈት ሰው ወደፊት ይሄዳል፣ ዜማው ሲዘጋ ሰው ቤቱ ይገባል። አንድ ዙር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ዙሩ ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቦታ ይሻገርና ከአዲስ ጥንድ ጋር ይገናኛል። እንቅስቃሴው ያው ነው፣ ፊቱ ግን አዲስ ነው። እንዲህ እያለ ሰው ሰልፉን ሙሉ ይዞረዋል። አንድ ምሽት ከመጣህ ሰላም ሳትለው የቀረ ሰው አይኖርም።

እና የዛሬው ነጥቤ ይህ ነው፦ በዚህ ዳንስ ውስጥ የአስተማሪው ሥራ ዝም እስከሚልበት ደቂቃ ሰውን ማድረስ ነው። የሙዚቀኛው ሥራ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውን መያዝ ነው። አንዱ ለሌላው ያስረክባል። ርክክቡ ያማረ እንደሆነ ዳንሰኛው ልብ እንኳ አይለውም።

ይህ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ በአንድ ገጽ ላይ ታትሞ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1651 ለንደን ውስጥ ጆን ፕሌይፎርድ የሚባል መጽሐፍ ሻጭ የዳንስ መጽሐፍ አወጣ። ንጉሡ አንገቱን ከተቀላ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሥልጣኑ በፒዩሪታኖቹ፣ በአጥባቂዎቹ ፕሮቴስታንቶች፣ እጅ ነው፣ እሱ ግን የጭፈራ መጽሐፍ ያሳትማል። ከ100 በላይ ዳንሶች ነበሩበት። መጽሐፉ ተወደደ፣ እየታደሰና እየወፈረ እስከ 1728 አካባቢ 18 ጊዜ ታተመ። ገጹን ብታዩት፣ ከላይ የዜማው ኖታ አለ፣ ከታች የዳንሱ አካሄድ በጥቂት መስመር ተጽፏል። ሙዚቀኛው ላይኛውን ያነባል፣ አስተማሪው ታችኛውን።

ችግሩ ታችኛው ነው። በጣም አጭር ነው፣ ምሕጻረ ቃል ይበዛበታል። የዚያን ዘመን ሰው ስለሚያውቀው «እንዲህ ማለት ነው» ብሎ የሚያብራራ አልነበረም። እናቴ የዶሮ ወጥ አሠራር በስልክ ስትነግረኝ «ሽንኩርቱን ታቁላላለሽ፣ ከዚያ በርበሬውን» ብላ ታልፈዋለች። ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ አትልም። አብሬያት ኩሽና ውስጥ ስላደግኩ ይገባኛል። የፕሌይፎርድ መጽሐፍም እንዲሁ ነው፣ ግን ከጸሐፊው ጋር ኩሽና ውስጥ ያደገ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

ዳንሱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኋላ ቀስ እያለ ከከተማ አዳራሾች ወጣ። ዋልትዝ መጣ፣ ፖልካ መጣ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መደነስ ፋሽን ሆነ። እንደገና የመነሣቱ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ሙዚቀኛ ነው፣ ይህን ሁሌም ማስታወስ ደስ ይለኛል። በ1899 የገና ማግሥት ሴሲል ሻርፕ የሚባል የሙዚቃ መምህር ኦክስፎርድ አጠገብ ሄዲንግተን ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር ነበር። በመስኮት ሲያይ ነጭ የለበሱ፣ እግራቸው ላይ ቃጭል ያሰሩ ሰዎች ይጨፍራሉ። ይህ ሞሪስ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ጭፈራ ነው። ዊልያም ኪምበር ኮንሰርቲና፣ ያቺን ትንሽ የእጅ አኮርዲዮን፣ ይጫወታል። ግንበኛ ነው፣ 27 ዓመቱ። በብርዱ ሥራ ስለቆመ ለሳንቲም ነው ያለ ወቅታቸው የወጡት። ሻርፕ በማግሥቱ ኪምበርን አስጠርቶ ዜማዎቹን በኖታ ጻፈ። እግሩን አልጻፈም። ዜማውን ብቻ።

ዓመታት አለፉ። ሜሪ ኒል የምትባል ሴት ለንደን ውስጥ ልብስ ለሚሰፉ ድሃ ልጃገረዶች የማታ ክበብ ነበራት። በ1905 ሻርፕን ጭፈራ የት ይገኛል ብላ ጠየቀችው። እሱም ወደ ኪምበር መራት። ሄደች፣ ኪምበርንና ዘመዱን ለንደን አመጣቻቸው፣ ልጃገረዶቹም ከግንበኞቹ ተማሩ። ልብ በሉ፣ ሙዚቀኛው አስተማሪ ሆነ። ልጃገረዶቹ ደግሞ ተምረው ወደ ሌሎች ከተሞች እየሄዱ ማስተማር ጀመሩ።

ከዚያ ሻርፕና ኒል ተጣሉ። ጠባቸው እስከ ዛሬ በየአዳራሹ በትንሹ ይኖራል። ሻርፕ ትክክለኛነት ይላል፦ እግሩ እንዲህ፣ ክንዱ እንዲህ፣ የሠለጠነ መምህር ያስተምር፣ ፈተናና ምስክር ወረቀት ይኑር። ኒል ደግሞ ደስታው ይቅደም ትላለች፣ ከሕዝቡ የተገኘ ነገር በሕዝቡ አካል ላይ ይኑር እንጂ በሕግ አይታሰር። ያሸነፈው ሻርፕ ነው። በ1911 የእንግሊዝ ፎክ ዳንስ ማኅበርን መሠረተ። የፕሌይፎርድን መጽሐፍ ፈትቶ ሰው ሊደንሰው በሚችል መልክ ማሳተም የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ያለ እሱ ዛሬ እኔ የምጫወትለት አዳራሽ አይኖርም ነበር፣ ይህን አልክድም። ልቤ ግን ከኒል ጋር ነው። ሰው ሲደነግጥ አይደንስም። እግሩን በፍርሃት የሚያይ ሰው ሙዚቃ አይሰማም።

ደግሞ ሻርፕ ራሱ የተሳሳተበት አለ። ፕሌይፎርድ ብዙ ቦታ ላይ «ጎን» የምትል አንዲት ቃል ይጽፋል። ምን ማድረግ ነው? ሻርፕ ሁለቱ ሰዎች በቅስት ሄደው ቦታ ተቀያይረው በመጡበት ይመለሳሉ ብሎ ፈታው፣ ሰዉም ለአሥርተ ዓመታት እንዲሁ ደነሰ። ኋላ ፓት ሻው የሚባል ሰው ተነሣና ምንጮቹን እንደገና አነበበ። ወደፊት መጥተው ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳሉ አለ። ዛሬ ብዙዎች የእሱን ትክክል ይላሉ። ግን የሻርፕንም አልጣሉትም፣ ምክንያቱም ያምራል። ስለዚህ አስተማሪው ማይክ ላይ «የሻርፕን ጎን» ወይም «የፓት ሻውን ጎን» ብሎ ይናገራል። የሁለት ሰዎች ንባብ፣ ሁለቱም በስማቸው ይጠራሉ። በስሕተት የተወለደ ቆንጆ ነገር ከነታሪኩ ሲያዝ እንዲህ ነው።

ፓት ሻው የሞተው በ1977 ነው። እሱም ሙዚቀኛ ነበር። ዜማውንም ዳንሱንም ራሱ ይደርስ ነበር፣ አስተማሪም ነበር። አዳዲስ ዳንስ መድረስ ነውር አለመሆኑን ብዙ ሰው ያመነው ከእሱ ወዲህ ነው። ዛሬ በአንድ ምሽት ከምንጫወታቸው ውስጥ ደራሲዎቻቸው በሕይወት ያሉ ዳንሶች ብዙ ናቸው።

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳልናገር አላልፍም። ሻርፕ ዳንሱን ለሕዝብ የሚያሳይበት የወንዶች ቡድን ነበረው። ከመካከላቸው አራቱ፣ የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ በተርወርዝ ጭምር፣ በ1916 በጦርነቱ ሞቱ። ዳንሱን በአካላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ የቆመው በአብዛኛው በሴት አስተማሪዎችና በሴት ሙዚቀኞች ትከሻ ላይ ነው። ሞድ ካርፕለስ ነበረች፣ ቫዮሊኗን ይዛ ከሻርፕ ጋር የምትዞረው ኤልሲ አቭሪል ነበረች። ስማቸው ከሻርፕ ስም ሥር ተቀብሯል።

ወደ አሜሪካ የመጣውም በሰው እግር ነው። ሻርፕ በጦርነቱ ዓመታት እዚህ እያስተማረ ዞረ፣ በ1915 የአሜሪካ ቅርንጫፍ ተመሠረተ። እሱ ነው ዛሬ የካንትሪ ዳንስና ዘፈን ማኅበር የሚባለው፣ ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ማሳቹሴትስ ነው። በ1927 ሜይ ጋድ ከእንግሊዝ መጣች፣ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ መራችው። ፕሊመዝ አጠገብ ጫካ ውስጥ፣ በሁለት ኩሬዎች መሀል፣ ፓይንውድስ የሚባል የዳንስ ካምፕ አለ። ዋናው የዳንስ ቤት ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያና የእንጨት ወለል ብቻ ነው። ስሙ «ሲ ሻርፕ» ነው። የኖታ ስም ነው፣ የሴሲል ሻርፕም ስም ነው። ማታ ስትጫወት ዜማው ዛፎቹ መሀል ይገባል፣ እንቁራሪቶቹ ከኩሬው ይመልሱልሃል።

እሺ፣ ወደ ሙዚቀኛው ልምጣ፣ ይህ የእኔ ጉዳይ ነው።

አንድን ዜማ አሥር ጊዜ ደጋግሞ መጫወት ቀላል ይመስላል። በጣም ከባድ ነው። በአምስተኛው ዙር አንተ ከሰለቸህ ዳንሰኛው በስድስተኛው ይሰለቻል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ላይ ቤር ኔሰሲቲስ የሚባል ባንድ ተነሣ፣ ሁለት ቫዮሊን፣ ፍሉት፣ ፒያኖ። ፒያኖ የምትጫወተው ጃክሊን ሽዋብ ናት፣ በአሜሪካ የታሪክ ዶክመንተሪዎች ውስጥ ፒያኖዋን ሳትሰሙ አትቀሩም። ይህ ባንድ ብዙ ነገር ለወጠ። በመጀመሪያው ዙር ዜማውን እንዳለ ይሰጡሃል፣ ምክንያቱም ዳንሰኛው ገና እየተማረ ነው። አስተማሪው ዝም ሲል እነሱ መናገር ይጀምራሉ። አንዱ ቫዮሊን ከሥር ሌላ ዜማ ያነሣል። ፒያኖው ይጠፋና ፍሉት ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ሲመለስ አዳራሹ ይነሣል። እኔ በቀረጻ ሰምቻቸው ነው ወደዚህ ነገር የገባሁት።

አዲስ አበባ እያለሁ ቫዮሊን የተማርኩት ኖታ አንብቤ፣ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ነው። እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳንስ ስጫወት እንደዚያው አደረግኩ። አንድ ዝግተኛ ዳንስ ነበር፣ የእንግሊዙ የሙዚቃ ደራሲ ፐርሰል በ1695 ለቲያትር የደረሰው ዜማ፣ ኋላ በዳንስ መጽሐፍ ውስጥ የገባ። በሦስት ትላልቅ ምት የሚሄድ ነው። ሰዎቹ በረጅም እርምጃ ተሻግረው ቦታ ይለውጣሉ። እኔ ፈጠን አደረግኩት። ደስ የሚል መስሎኝ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ግማሽ መንገድ ላይ ናት፣ ዜማው ግን አልቋል። ለመድረስ ሮጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም አልነበረም፣ መተው ነበር፣ ሰው ትቷት የሄደ ዓይነት። አስተማሪዋ በሻይ ሰዓት መጥታ በጆሮዬ «ወረቀቱን ተይውና ጉልበታቸውን እዪ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳንሱን ሳልደንሰው አልጫወተውም።

ያኔ ትዝ ያለኝ አዝማሪ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ዓይኑ ሰው ላይ ነው። ማን ተነሣ፣ ማን ትከሻውን ሊሰብቅ ነው፣ ማን አዝኗል፣ ያያል፣ ግጥሙንም ምቱንም በዚያ ልክ ይቆርጣል። እኛ ይህን ነገር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ረስቼው፣ ቦስተን ውስጥ እንግሊዝኛ ዳንስ አስታወሰኝ።

የአስተማሪው ጥበብ ደግሞ ቃል መቆጠብ ነው። ጎበዙ አስተማሪ ቃሉ ከምቱ ጋር ይወድቃል። «ተሻገሩ» ለማለት ሲዘገይ ሰዉ ቆሟል፣ ሲፈጥን ሰዉ ቀድሟል። ሄይ የሚባል እንቅስቃሴ አለ፣ ሦስት ወይ አራት ሰው እንደ ሹሩባ እየተጠላለፈ ያልፋል። እሱን በቃል ለማስረዳት ስንት አረፍተ ነገር ይጠይቃል! አንዲት የማውቃት አስተማሪ አንዱን ሰው ብቻ ታስኬዳለች፣ ሌሎቹ እያዩ። ከዚያ «አሁን ሁላችሁ» ትላለች፣ ይሆናል። ከእኛ ከሙዚቀኞቹ ጋር ደግሞ ሌላ ንግግር አላት። ጣቷን ወደ ላይ ስትቀስር አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። መዳፏን ወደ መሬት ስትጫን ቀስ በሉ ነው።

የሚጠሩበት ቃልም እየተለወጠ ነው። ድሮ «ወንዶች ወደዚህ፣ ሴቶች ወደዚያ» ነበር። ካርል ዊትማን፣ በ1986 ያረፈ አስተማሪ፣ በኦሪገንና በኖርዝ ካሮላይና ሲያስተምር የግራ ሰልፍና የቀኝ ሰልፍ ማለት ጀመረ፣ ማንም ከማንም ጋር በፈለገው ወገን እንዲቆም። ዛሬ ብዙ አስተማሪዎች በቆምክበት ቦታ ብቻ ይጠሩሃል። በእኔ አስተያየት ለማስተማር ይቀላል። ሁለት እህትማማቾች ሲመጡ «ማን ወንድ ይሁን» የሚል ክርክር የለም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ያልሰማችሁትን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ኢግናሺየስ ሳንቾ። በ1729 ገደማ ባሪያ በጫነ መርከብ ላይ ተወለደ ይባላል። ሕፃን ሆኖ ወደ ለንደን ተወሰደ፣ ሦስት እህትማማቾች ቤት አገልጋይ ሆነ። ማንበብን በግሉ ተማረ። ኋላ በሞንታጉ መኳንንት ቤት የቤት አዛዥ ሆነ፣ በ1774 ዌስትሚኒስተር ውስጥ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት ከፈተ። በብሪታንያ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ እንደሰጡ ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሰዎች አንዱ ነው። ይህ ሰው ካንትሪ ዳንሶች ደርሷል። አንዱ የዜማ መድብሉ ሲታተም ሽፋኑ ላይ «የአንድ አፍሪካዊ ድርሰት» ተብሎ ተጻፈበት። ከሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ለ1779 ዓመት አሥራ ሁለት ካንትሪ ዳንሶች አሳተመ።

እኔ ስሙን የሰማሁት አንድ ማታ ባንዱ ውስጥ ኖታ ሲታደል ነው። ከአዳራሹ ሁሉ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። አስተማሪው ስለ እሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ ከዚያ አስኬደ። ብዙ ንግግር አላደረገም፣ ጥሩ አደረገ። የሳንቾ ዜማ ደስተኛ ነው፣ ቀላል ነው፣ እግር ያነሣል። እየተጫወትኩ ዕንባዬ መጣ። ይህ ዳንስ የእነሱ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ ብዬ ለካ ለዓመታት ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር የምጫወተው። እሱ ግን ከ250 ዓመት በፊት ገብቶ ዜማውን አስቀምጦልኛል። ከዚያ ወዲህ አዲስ አስተማሪ ሲመጣ የሳንቾ አንድ ዳንስ በዝርዝሩ ውስጥ እንዲኖር እጠይቃለሁ። እምቢ ያለኝ የለም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። በዚህ ሥራ ማንም አይከብርም። በር ላይ ከሚሰበሰበው የአዳራሽ ኪራይ ይቀነሳል፣ የቀረውን አስተማሪውና ባንዱ ይካፈላሉ። አንድ ጊዜ አንድ አዘጋጅ ለልምድ ብላችሁ በነፃ ተጫወቱ አለን። እምቢ አልን። ሰው ለነዳጁና ለጊዜው ካልተከፈለው ወጣት ሙዚቀኛ አይመጣም፣ ካልመጣ ደግሞ ከስልክ ላይ ቀረጻ ይከፈታል። ቀረጻ ጉልበታቸውን አያይም። አሮጊቷ ግማሽ መንገድ ላይ ብትሆን አይጠብቃትም።

በመጋቢት 2020 ሁሉም ቆመ። እጅ መያያዝ የተከለከለበት ጊዜ፣ የእኛ ዳንስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እጅ መያያዝ ነው። ዙም ላይ ተሰበሰብን፣ ግን በኢንተርኔት ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለት ሰው አብሮ መጫወት አይችልም። አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ማይኩን ዘግቶ ይከተላል። ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ብቻቸውን፣ በሌለ ሰው ዙሪያ ይዞሩ ነበር። በየሳምንቱ ግን ይመጡ ነበር። ስንመለስ፣ በጭምብል፣ የመጀመሪያው ዜማ ላይ አስተማሪው ከአንድ ዙር በኋላ ነው ዝም ያለው። ድምፁ አልወጣም።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። ስለ ዝምታ ለማውራት አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ቫዮሊኑ እዚህ ነው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው እንግፋቸው፣ ልጆቹ ይርዱን። ስምንት ሰው እፈልጋለሁ፣ አራት እዚህ፣ አራት እዚያ፣ ፊት ለፊት። እትዬ፣ እርስዎም ይምጡ፣ በእግር መሄድ ከቻሉ ይበቃል፣ በእርስዎ እርምጃ ነው የምጫወተው። የሳንቾን ነው። ሁለት ጊዜ ያለ ሙዚቃ አስኬዳችኋለሁ፣ ከዚያ ሦስት ዙር እጠራላችኋለሁ።